ከደባርቅ ወደ ጤና ዲግሪ፦ መንገዱ የሚቆረጥበት ቦታ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ከግማሽ በታች ያመጣ፣ ወይም ጭራሹን 12ኛ ክፍል ያልደረሰ ሰው በጤና ሙያ ዲግሪ ሊይዝ ይችላል? በስሜን ተራሮች ዙሪያ ባሉት በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ ይህን ጥያቄ የሚያነሱት በዋናነት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዷ ከገጠር ቀበሌ መጥታ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይታ፣ ከቤት በሚላክላት ስንቅ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች ልጅ ናት፤ አዋላጅ ነርስ መሆን ትመኛለች፣ ግን ከ600 ውስጥ 300 አልሞላላትም። ሌላዋ የዛሬ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዓመት ከ10ኛ ክፍል ወጥታ ጤና ኤክስቴንሽን የሠለጠነች፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጤና ኬላ ስታገለግል የኖረች፣ ትዳርና ልጆች ያሏት ሴት ናት።

ለሁለቱም በአሠራር የተከፈተ መንገድ አለ። ችግሩ መንገዱ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። ለመጀመሪያዋ የተዘጋጀው የመሸጋገሪያ ትምህርት ስለ ጤና ምንም አያስተምራትም፤ ስለ ጤና ብዙ ለምታውቀው ለሁለተኛዋ ደግሞ ራሱን የቻለ የመሸጋገሪያ ዓመት አልተዘጋጀላትም። ሁለቱ መንገዶች መገጣጠም አለባቸው፤ እንዲገጣጠሙ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገርም በዚያው በጎንደርና በደባርቅ መካከል ይገኛል።

የተማሪዋን መንገድ እናስቀድም። በጥር 2015 ዓ.ም ትምህርት ሚኒስቴር ውጤት ይፋ ሲያደርግ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ስለነበር፣ ቀድሞ በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረው ጉድለት በአንድ ጊዜ ገሃድ ወጣ። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው፤ ቢሆንም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

ሪሚዲያል የሚባለው ፕሮግራም የተጀመረው በዚሁ በ2015 ዓ.ም ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው ተለይተው በዩኒቨርሲቲዎች ተመደቡ። በተፈጥሮ ሳይንስ መስክ ያሉት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ለአራት ወር ያህል በድጋሚ ይማራሉ። ውጤታቸው 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶው ደግሞ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይሰላል። ከ100 ውስጥ 50 ያመጣ ፍሬሽማን ይሆናል፤ ያላመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንግሥት የማይመድባቸው በግል ተቋማት ከፍለው የሚማሩበት በርም ተከፍቷል።

ይህን ፕሮግራም «የወደቀ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት» እያሉ የሚነቅፉትን ሰዎች አልቀበላቸውም። አንድ ሺህ መቶ ስልሳ አንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ሳያሳልፍ ሲቀር የተለካው የልጆቹ አእምሮ አይደለም። የኬሚስትሪ ሙከራን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያየች፣ የፊዚክስ መምህር ሳይመደብላት ግማሽ ዓመት የቆየች ልጅ ያመጣችው 45 በመቶ፣ የተሟላ ቤተ ሙከራ ባለበት ትምህርት ቤት ከመጣ 45 በመቶ ጋር በቁጥር እንጂ በትርጉም አንድ አይደለም። በስሜን ግርጌ ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል፤ ደባርቅ ከተማ ተፈናቃይ ተቀብላለች። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። በእነዚህ ዓመታት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ስንት ወር ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ሳይጠየቅ ውጤቱ ብቻውን ስለ እሱ የሚናገረው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ዕድል መስጠቱ ትክክል ነው። የምከራከረው ስለ ዕድሉ አሰጣጥ ነው። አራት ወር የአራት ዓመት ጉድለት አይሞላም። በአራት ወር የሚሠራው የፈተና ዝግጅት ነው፤ ቀድሞውንም በመሠረቱ ደህና የነበረና በጥቂት ነጥብ የቀረ ተማሪ ይጠቀምበታል፤ መሠረቱ የተጎዳበት ግን ያንኑ ፈተና በሌላ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይወድቃል።

ሪሚዲያሉን ካለፈችስ? ወደ አዋላጅነት ገባች ማለት አይደለም። አንድ ዓመት ፍሬሽማን ትማራለች፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንደመሆኗ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከሌሎች የጋራ ኮርሶች ጋር ይጠብቋታል። ከዚያ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ ማኅበረሰብ ጤና ቦታቸው የተቆጠረ ነው፤ ውድድሩ የሚያልቀው በመግቢያ ውጤትና በፍሬሽማን ነጥብ ነው። እዚህ ላይ የሪሚዲያል ተማሪዋ ከታች ትጀምራለች፤ የመግቢያ ውጤቷ ስትገባ ያስገባት እንጂ ስትወዳደር የሚያግዛት አይደለም። ከቤቷ የወጣችው አዋላጅ ልትሆን ነበር፤ በሁለተኛ ዓመቷ ራሷን ሰምታው በማታውቀው ዲፓርትመንት ውስጥ ብታገኘው አይገርምም። ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ ያ ዩኒቨርሲቲ ከስሜን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ልጁን በዚህ ጊዜ ያን ያህል ርቀት መላክ የማይደፍር ወላጅ ብዙ ነው።

በእነዚህ ሁሉ በሮች ላይ አንድም ጊዜ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ይህች ልጅ የታመመ ሰው አጠገብ መቆም ትችላለች ወይ? ሆስፒታል ውስጥ ገብታ ታውቃለች ወይ? ከተመረቀች በኋላ ጃናሞራ ትመለሳለች ወይ? ሪሚዲያል ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንጂ ወደ ጤና ሙያ መግቢያ ተብሎ አልተሠራም፤ ስላልተሠራም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ሴት እንምጣ፤ ረዘም አድርጌ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር መመልመያው ቀላልና ብልህ ነበር። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት ያላነሰ፣ 10ኛ ክፍልን የጨረሰች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር፣ እዚያው ቀበሌ የምትኖር ሴት ትመረጣለች፤ አንድ ዓመት ትሠለጥናለች፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው ይመደባሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ሠራተኛ ሆኑ። የጀመሩት መጸዳጃ በማስቆፈር፣ ክትባት በመስጠትና ነፍሰ ጡሮችን በመመዝገብ ነበር። ቀስ በቀስ ሥራቸው ሰፋ፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ መስጠት ጀመሩ፤ ከ2003 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በጤና ኬላ ማከም ተጨመረላቸው።

ይህ ሕክምና ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ዕድሜው ከ2 እስከ 11 ወር ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠረች ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ብላ አሞክሳሲሊን ትሰጣለች። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም ሌላ የአደጋ ምልክት ካየች አትጠብቅም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። የክንዱን ዙሪያ በሜትር ትለካለች፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጣም ተጎድቷል። ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ፣ ለወባ ኮአርተም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ቅርቡ ጤና ጣቢያ በእግር ሰዓታት በሚወስድበት፣ ክረምት ሲሆን ጅረት በሚቆርጠው ቀበሌ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት ወደ ዲግሪ የምትወጣበት መንገድ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ ሌቭል 4 ትደርሳለች፤ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ፈተና ታልፋለች፤ ጎንደር አጠገብ እንዳለው ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉ የክልል ኮሌጆች ይህን ዓይነት ሥልጠና ይሰጣሉ። ከዚያ የሥራ ልምድ አስቆጥራ፣ በጤና ቢሮ ኮታ ተወዳድራ ወይም ከኪሷ ከፍላ፣ የመግቢያ ፈተና ወስዳ ፖስት ቤዚክ በሚባለው ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። በወረቀት ላይ የተሟላ መሰላል ነው።

የሚያንሸራትተው አንድ እርከን አለ። ይህች ሴት 11ኛና 12ኛ ክፍልን አልተማረችም። እሷ ከ10ኛ ክፍል ስትወጣ ሥርዓቱ ራሱ እንደዚያ ነበር፤ የ10ኛ ክፍል ፈተና ተማሪውን ለሁለት ይከፍለው ነበር፦ አንዱ ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ። ያ ፈተና በ2011 ዓ.ም ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ፈተናው ቢቀርም በእሱ የተከፈሉት ሰዎች አሉ፤ መሰናዶ ያልገቡት የ11ኛና 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ አልደረሳቸውም። ሪሚዲያል የሚመድበው በ12ኛ ክፍል ውጤት ስለሆነ እሷን አይመለከታትም። ስለዚህ ከጤና ኬላዋ ተነሥታ በቀጥታ ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ ክፍል ትቀመጣለች፤ ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ የምትቸገረው ሥራውን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የምታውቀውን ነገር በትምህርት ቋንቋ አላገኘችውም። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደሚበጠበጥ እናቶችን ለዓመታት አስተምራለች። ስኳርና ጨው ለምን አብረው እንደገቡ ግን ማንም አላስረዳትም። በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚያልፉበት ፕሮቲን አለ፤ ሁለቱ ሲያልፉ ውሃ ይከተላቸዋል፤ ተቅማጥ ይህን መንገድ ስለማይዘጋው ነው ሕፃኑ በአፉ በሚጠጣው የሚድነው። በዚህ አንድ ምሳሌ ውስጥ የሴል ሽፋን አለ፣ ኦስሞሲስ አለ፣ የሞል ስሌት አለ። የትንፋሽ ቆጠራው ውስጥ የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልውውጥ አለ። በዕድሜ ከፍላ የምትሰጠው የፍሬ ብዛት ውስጥ በክብደት የሚሰላ የመድኃኒት መጠን አለ፤ ይኸውም የጥምርታ ሒሳብ ነው። የመሸጋገሪያ ዓመት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የምታውቀው ነገር ለምን እንደሆነ የሚያሳያት፣ የጎደሏትን የሁለት ዓመት የሳይንስ ትምህርቶች ከዚያ ተነሥቶ የሚሠራላት ዓመት ማለቴ ነው።

አካባቢው ራሱም ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። በስሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በአምባራስ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ኦክስጅን በሳሳበት ከፍታ የሚኖር ሰው እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፣ ወይም እንደ ቲቤት ሰዎች የደሙ ኦክስጅን ዝቅ ይላል ብለው ነበር። ያገኙት ግን በሁለቱም መለኪያ ከባሕር ጠለል ነዋሪ ብዙም የማይለይ ሰው ነው። በዓለም የፊዚዮሎጂ መጻሕፍት ሦስተኛው የከፍታ መላመድ ዓይነት ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። የበየዳ ልጅ የደምን ሥራ የምትማርበት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የት ይገኛል? የሄሞግሎቢን ምንነት፣ ደም ማነስ በደጋ አገር እንዴት እንደሚለካ፣ ለነፍሰ ጡር እናት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁሉም ከራሷ አያት ደም ይጀምራል።

ይህን የምለው በባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ነገር ለማቆም ፈልጌ አይደለም። ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት የተጀመረው በዚሁ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተቋቋመ። በአገሪቱ የሕክምና ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ኮሌጁ ሐኪም እስኪገኝ አልጠበቀም፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በየደረጃቸው፣ ባላቸው የቀለም ትምህርት መጠን ተቀብሎ አሠለጠነ። ከዚያ ቀደምም በየሆስፒታሉ ጥቂት ክፍል የተማሩ ወጣቶች ድሬሰር ሆነው ሠልጥነው የገጠር ክሊኒኮችን ይዘው ነበር።

ከጎንደር ኮሌጅ ልማዶች ሁሉ ለዛሬው ጥያቄ የሚጠቅመው የቡድን ሥልጠናው ነው። የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ የአካባቢውን ችግር ያጠናሉ፤ አብረው ያክማሉ፤ አብረው ይመዘናሉ። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ካደገ በኋላም ልማዱ ቀጥሏል። ዳባት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል የወረዳውን ቀበሌዎች ቤት ለቤት ሲከታተል ቆይቷል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ ይመዘግባል፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቆ የሞቱን ምክንያት ይለያል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል የረጅም ጊዜ የጤና መረጃ ባለበት፣ የዳባት ልጅ ስታትስቲክስን ከሌላ አገር በመጣ ምሳሌ የምትማር ከሆነ ያሳዝነኛል።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም አለ። በ2010 ዓ.ም ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ ነርስነትና አዋላጅነት የሚያስተምር የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ ከተማው ውስጥ ሆስፒታል አለ። መምህሩ፣ ቤተ ሙከራውና ታካሚው በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ናቸው። ስለዚህ የመሸጋገሪያው ዓመት ሊሆንበት የሚገባው ቦታ እዚህ ነው እላለሁ፤ ሁለቱንም ሴቶች በአንድ ክፍል ይዞ።

አንድ ላይ ማስቀመጡ ለምን ይጠቅማል? ተማሪዋ በቅርቡ ከመጽሐፍ ስለወጣች ቀመሩን ከእንግሊዝኛው ጋር ይዛለች፤ ትንፋሽ የቆጠረችበት ሕፃን ግን የለም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሕፃናቱን ይዛለች፤ ቀመሩ ጠፍቶባታል። አንዷ የሌላዋን ጉድለት የምትሞላበት ክፍል ነው። ፕሮግራሙ ከአራት ወር ይልቅ ሙሉ ዓመት ቢሆን፣ ከሳምንቱ አንድ ቀን ተማሪዋ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ብትውል፣ እንግሊዝኛውን ከልቦለድ ይልቅ ከታካሚ ካርድና ከመድኃኒት መመሪያ ብትማረው፣ መጨረሻ ላይ ያለፈው ሰው ቦታው አስቀድሞ በጤና ኮሌጁ የተያዘለት ቢሆን፣ ከሪሚዲያል የሚለየው በዚህ ይሆናል። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ትምህርቱ በከፊል በርቀትና በእረፍት ወራት ተከፋፍሎ መሰጠት አለበት፤ ሦስት ልጅ ያላት ሴት ጤና ኬላዋን ዘግታ ዓመቱን ሙሉ ዶርም አትገባም።

የሌላ አገር ተሞክሮም ወደዚሁ ያመለክታል። ለንደን ያለው ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከደካማ ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎችን ዝቅ ባለ ውጤት ለሕክምና ይቀበላል፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከሌሎቹ በረዘመ ጊዜ ያስተምራቸዋል፤ ፈተናው ግን ያው ነው። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ነው። በክዋዙሉ ናታል ገጠር፣ ኢንግዋቩማ ያለው ሞስቮልድ ሆስፒታል ባለሙያ እያጣ ሲቸገር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም የአካባቢውን ልጆች መርጦ ማስተማር ጀመረ። ለመመረጥ መጀመሪያ በሆስፒታሉ በፈቃደኝነት ማገልገል ያስፈልግ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ አማካሪ ይከታተላቸው ነበር፤ ለተደገፉበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዓመት ተመልሰው ያገለግሉ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ገጠር ባለሙያ እንዲቆይ ባወጣው ምክር ከፊት ያስቀመጠው ገጠር ያደጉ ተማሪዎችን መቀበልና ለገጠር ቅርብ በሆነ ቦታ ማስተማርን ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው ጥራት ነው፤ «በሰው ሕይወት ላይ ደረጃ አይቀነስም» ይባላል። እስማማለሁ፤ ደረጃ የሚጠበቀው ግን መውጫው ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ የጤና ተመራቂ ከዚያ በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለበት። በሪሚዲያል የገባችውም፣ በ90 በመቶ የገባውም አንድ ወረቀት ፊት ይቀመጣሉ። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ጠንካራ ከሆነ ታካሚው አይጎዳም፤ የሚጎዳው መካከሉ ባዶ ሲሆን ነው፤ እኔም የምከራከረው ስለ መካከሉ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ዛሬ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንን፣ ሐኪም ሳይቀር ተመርቆ በጀት የለም ተብሎ ቤቱ የተቀመጠ ብዙ ነው። በ2017 ዓ.ም ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። በዚህ ጊዜ አዲስ በር እንክፈት ማለት ሥራ አጥ እንጨምር ማለት አይሆንም? ለተማሪዋ ይህን እውነት ከመጀመሪያው ቀን መንገር ግዴታ ነው፤ ስለዚህም የቅበላው ቁጥር በወረዳዎቹ ባሉ ክፍት መደቦች ልክ ቢሆን ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ጉዳይ ግን ይለያል። እሷ መደብ አላት። አዋላጅ ነርስ ወይም የቤተሰብ ጤና ባለሙያ ሆና ስትመለስ የሚጠየቀው የደመወዝ ልዩነቱ ብቻ ነው፤ ቀበሌው የሚያገኘው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ለማን ስንተኛ እርግዝናዋ እንደሆነ ሳትጠይቅ የምታውቅ ባለሙያ ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ እኔ የማስቀድመው እሷን ነው።

ምልመላውን ለማን እንስጥ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በ1990ዎቹ ዓ.ም ጤና ኤክስቴንሽን ሲመለመል ቀበሌው፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ላይ ነበሩ፤ አድልዎ ያልገባበት ቦታ የለም ባይባልም፣ የተመረጠችው ሴት የት እንደምትኖርና ማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በምርጫው ውስጥ ነበረ። የዛሬው ምደባ ከማዕከል በኮምፒዩተር ይወጣል፤ ያ ከአድልዎ ይጠብቃል፣ ግን ስለ ልጅቷ ከውጤቷ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ለደባርቁ የመሸጋገሪያ ዓመት ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፦ የውጤት ወለሉን ሚኒስቴሩ ያስቀምጥ፤ ከወለሉ በላይ ካሉት ውስጥ ሆስፒታሉ፣ የጤና ኮሌጁና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶቹ ተማሪዎቹን በሥራ ላይ አይተው ይምረጡ፤ ከእያንዳንዱ ወረዳ፣ በተለይ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የቧሂት መተላለፊያ ማዶ ካሉት ከጃናሞራና ከበየዳ፣ የተወሰነ ቦታ ይያዝ። የአገልግሎት ውሉም ከመግቢያው ዕለት ጀምሮ ከወረዳው ጋር ይፈረም፤ ዓመቱ፣ መደቡና የምትመደብበት ጤና ጣቢያ በውሉ ላይ በስም ይጻፉ።